ሰባት ፎቶ ወደ ሰማይ

ባለፈው ዓርብ ጠዋት ጅቡቲ ሆዳን ሰፈር ካለው ቤታችን ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ፣ ከባሕሩ በኩል አንድ ቀጭን ፉጨት መጣ። መጀመሪያ ከነፋሱ ጋር ተደባልቆ ጠፋ፣ ቆይቶ ጠርቶ ተመለሰ፣ ከሥሩም ምንጣፍ ደጋግመው ሲያራግፉ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተከተለው። እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ቆምኩ። ገና ሳላያት ማን እንደሆነች አውቄያት ነበር። ታች ወጥ ቤት ሽንኩርት ታቁላላ የነበረችው እናቴም ምድጃውን ቀጭ አድርጋ ስታጠፋው ሰማኋት፤ የድስቱ ድምፅ እንዳያውካት ብላ ነው። እሷ ከታች እኔ ከላይ፣ ድምፁ ወደ ወደቡ ዞሮ እስኪጠፋ አዳመጥን፤ ከዚያ ምድጃው እንደገና ተለኮሰ፣ እኔም አንሶላዬን አሰጣሁ፣ ሐሳቤ ግን ወደ ድሮ ሰፈራችን ወደ ካርቲየ 3 ሄዶ ቀረ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው እዚያ ነበር። ቤታችን ፊቱ ፎቶ ቤት፣ ጀርባው መኖሪያ ነበር። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከድሬዳዋ በባቡር ሥራ መጥቶ ጅቡቲ የቀረ ሰው ነበር፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ግሪክ ካሜራ ገዝቶ በትርፍ ሰዓቱ የሥራ ባልደረቦቹን ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ሲያነሳ በመጨረሻ ፎቶ ቤት ከፈተ፣ ሲሞትም ቤቱንም ሙያውንም ለአንድ ልጁ ለእናቴ ትቶላት ሄደ። እናቴ ጽጌ ትባላለች፤ ሰፈርተኛው ግን ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመኑ፣ የእኛም ሰው ሳይቀር «መዳም ጽጌ» ነበር የሚላት።

የእናቴ ዋና ሥራ የሴቶች ሠርግ ነበር። በሰፈራችን ሙሽራዋና ዘመዶቿ ለብቻቸው በሚደሰቱበት ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ወንድ ዝር አይልም፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ገልጠው፣ እጃቸውን ሂና ተቀብተው፣ በስስ ቀሚስ ይጨፍሩ ስለነበር የሚያነሳቸውም ሰው ሴት መሆን ነበረባት። ፊልሙም ቢሆን ከተማ ላሉት የቀለም ፎቶ አጣቢዎች አይሰጥም፤ እነሱ ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ሴቶቹ ባለቀለሙን ፎቶ ለወንዶቹ ግብዣ ትተው፣ የራሳቸውን በጥቁርና ነጭ ያሠሩ ነበር፣ እናቴም ፊልሙን በገዛ እጇ እኛ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ታጥበው ነበር። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በገንዳው ላይ ጣውላ ተጋድሞ፣ መታጠቢያ ቤታችን ከሳምንቱ አራቱን ቀን ጨለማ ክፍል ስለሚሆን አባቴ ገላውን የሚታጠበው በቀጠሮ ነበር። አባቴ ባቡር ጣቢያ የጭነት ጸሐፊ ነበር፤ የባቡሩ ሥራ እየቀነሰ የሄደበት ዘመን ስለነበረ አብዛኛውን ቀን ቤት ይውላል፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ቆሞ «ሙሽሮቹ ታጥበው ጨረሱ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው አንድ የብርድ ወራት ነው፤ ብርድ ስንል እንግዲህ ቫንቲላተሩን አጥፍተን የምንተኛበትን ጊዜ ማለታችን ነው። በእነዚያ ወራት የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ወደ ወደባችን ብቅ ብቅ ይሉ ነበር፣ ከነሱም ላይ አንዳንዴ አንዲት ትንሽ ሄሊኮፕተር ትነሳለች። ጭንቅላቷ ሁሉ መስታወት ስለነበር ውስጧ የተቀመጡት ሰዎች እንደ ዓሣ ይታዩ ነበር፤ ከሥር ሦስት ትናንሽ ጎማ፣ ከኋላ ቀጭን ጭራ። እናቴ ባሕር ዳር አንድ ቤተሰብ ልታነሳ ወጥታ ሳለ ይህቺው ሄሊኮፕተር ከውኃው በላይ ዝቅ ብላ ቆመች፣ ልጆቹም ወደሷ ሮጡ፣ እናቴም ሥራው ስለተበላሸባት ሳቀችና እሷኑ አነሳቻት።

ፎቶው ፎቶ ቤታችን ገመድ ላይ እየደረቀ እያለ ሙሴ ረኔ ገቡ። ሙሴ ረኔ ብዙ ዓመት ጅቡቲ የኖሩ፣ ፍሪጅና ማቀዝቀዣ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ ነበሩ፤ የመጡት ለመኖሪያ ፈቃዳቸው ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ነበር። ገመዱ ሥር ሲደርሱ ቆሙ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። ከዚያም ወንበር ጠይቀው ተቀመጡና ለእናቴ አጫወቷት፦ ስሟ አሉዌት ነው፤ ጎህ ሲቀድ እየዘፈነች ሽቅብ በምትበር አንዲት ትንሽ ወፍ ስም ነው የተጠራችው፤ እሳቸው በወጣትነታቸው ወታደር ቤት የሜካኒክ ሙያ የተማሩት በዚህችው ሄሊኮፕተር ላይ ነበር። አሁን አርጅታለች፣ በየዓመቱ ቁጥሯ ይቀንሳል፤ መርከብ ላይ የቀሩትም እያንዳንዳቸው ጭራቸው ላይ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ከደረት ኪሳቸው አንዲት ደብተር አወጡ። ዝርዝሩ እዚያ ነበር፤ በጅቡቲ የሚያልፉት አሥራ አንድ ናቸው። ሬዩኒዮን ደሴት ያለ አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ፣ ቱሎን ያለች አንዲት አስተማሪ፣ ሌሎችም በየወደቡ ያሉ እንደሳቸው የዚህች ሄሊኮፕተር ወዳጅ የሆኑ ሰዎች ነበሩ፣ ያነሱትን ፎቶ በፖስታ ይላላካሉ። ከጅቡቲ ግን እስከዚያን ቀን ማንም ምንም ልኮ አያውቅም፤ ምክንያቱም ሙሴ ረኔ ካሜራም አልነበራቸውም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። እናቴ ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ፎቶውን ከገመዱ አውርዳ በፖስታ አሸገችና ሰጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ የዓርብ ጠዋታችን፣ የሳምንቱ ዕረፍታችን፣ ሌላ ሆነ። በዓረንጓዴና ነጭ ታክሲው ደንበኞቿን የሚያመላልስላት ሀሰን የሚባል ሶማሌ ጎረቤታችን ነበር፤ የወደቡን መንገድ ቀኑን ሙሉ ስለሚመላለስበት የትኛው መርከብ እንደገባ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ዓርብ ጠዋት መጥቶ ሁለት ጊዜ ጥሩምባውን ይነፋል፣ አሉዌቷን «ዱቅሲ» ነበር የሚላት፣ በሶማሊኛ ዝንብ ማለት ነው፣ «ዱቅሲ መጥታለች» ይላል፣ እኛም ሙሴ ረኔን ከቤታቸው አንስተን ወደ ባሕሩ እንሄድ ነበር። ሕጋችን ጥብቅ ነበር፤ ወደ ወታደር ሰፈርና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሌንስ አይዞርም፣ የሚነሳው በባሕሩ ላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ፖሊስ መጥቶ ምን እንደምንሠራ ጠየቀን። እናቴ የሄሊኮፕተሮቹን ፎቶ የምታኖርበትን አልበም አውጥታ ሰጠችው፣ እሱም ቆሞ ገጹን አንድ በአንድ ገለጠ፣ በመጨረሻ የልጁን የትምህርት ቤት ፎቶ መቼ ቢያመጣው እንደምታነሳለት ጠይቆን ሄደ።

የእኔ ሥራ ማየት ነበር። ከሁሉም ዓይን የኔ ስለታም ነበርና ቁጥሩን የማነበው እኔ ነበርኩ። እናቴ በረጅሙ ሌንስ ስትከተላት እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ እጄን ለፀሐይ ጋርጄ፣ ጭራዋ ላይ ያለውን ቁጥር ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ ሙሴ ረኔ በእርሳስ ይጽፋሉ፣ ማታ ፊልሙ ታጥቦ ፎቶው እኔን እውነተኛ ካደረገኝ በሳምንቱ በቀለም ይደግሙታል። እንደዚያ ያለ ክብር ትምህርት ቤትም ቤተ ክርስቲያንም አግኝቼ አላውቅም። ስንመለስ ከየመኖቹ ቤት ትኩስ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ ገዝተን ታክሲው ውስጥ እንበላ ነበር፣ ሀሰን መቀመጫው ዘይት እንዳይነካ የገዛ ሸሚዙን አውልቆ ያነጥፍልን ነበር። ከየወደቡም መልስ መምጣት ጀመረ። ፖስተኛው «ለጅቡቲዋ መዳም» ብሎ የላከውን ደብዳቤ አባቴ ደጋግሞ ካነበበ በኋላ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ጭነት ስጽፍ አንድም ሰው አመስግኖኝ አያውቅም ብሎ ሳቀ።

የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል ከአሥራ አንዱ አሥሩን አግኝተን ነበር። የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሦስት መቶ ሁለት። ሙሴ ረኔ መርከቧ በቅርብ ተመልሳ እንደምትመጣ ሰምተዋል፣ ከዚያ በኋላ ግን መምጣቷን አይወራረዱበትም። እኔ ያን ቁጥር በሕልሜ ሳይቀር አየው ነበር።

በዚያው ሰሞን የአስያ ሠርግ ደረሰ። አስያ የእማማ ሃዋ የመጀመሪያ ልጅ ነበረች፤ እማማ ሃዋ ደግሞ ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ፣ በሴቶቹ ዘንድ ቃላቸው የሚሰማ አፋር ነበሩ። የአስያ አያት ፋጡማ የሚኖሩት ከባሕሩ ማዶ ታጁራ ነበር። ጀልባ ላይ መውጣት ስለሚያማቸው ለዓመታት ወደ ከተማ መጥተው አያውቁም፤ ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ግን በሠርጉ ቀን ጠዋት ተሻገሩ፣ ከሰዓት በኋላ አስያን መርቀው በመጨረሻው ጀልባ ሊመለሱ ነው። እማማ ሃዋ እናቴን ለይተው የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጭፈራው ቢቀር ይቅር፣ እናቴ ልጄን ስትመርቅ እንዳታመልጥሽ።» እናቴም ከፊልሙ የመጨረሻዎቹን ሰባት ፎቶ ለዚያ ቆጥራ አስቀመጠች።

ግቢው በሴቶች ሞልቶ ነበር። አስያ መካከል ተቀምጣለች፣ ፊቷ በስስ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ አያትየዋ በሁለት ሰዎች ተደግፈው ከክፍሉ እየወጡ ነው፣ ከበሮውም ዝም አለ። ልክ በዚያች ዝምታ መካከል ፉጨቱ መጣ። አሉዌቷ በጣሪያዎቹ ላይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ወደኛ መጣች፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ተወዛወዘ፣ እኔም ቀና አልኩ፣ ጭራዋን አየሁ፣ የመጨረሻው ቁጥር ሁለት ሆኖ ታየኝ።

«እማዬ፣ ሦስት መቶ ሁለት ናት!»

የእናቴ እጅ ከኔ ድምፅ ጋር ነበር የተነሳው። ካሜራው ወደ ሰማይ ዞረ፣ ሰባት ጊዜ ተጫነ፣ ሰባተኛው ላይ ፊልሙ አለቀ። አሉዌቷ ሄደች። እናቴ ተንበርክካ አዲስ ፊልም አስገባች፤ ቀና ስትል አያትየዋ ሁለት እጃቸውን ከአስያ ራስ ላይ እያነሱ ነበር። ምርቃቱ አጭር ነበር። የጀልባው ሰዓት ደርሶ ስለነበር ደጋፊዎቻቸው ይዘዋቸው ወጡ።

በማግስቱ ፊልሙ ታጠበ። እኔ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። እናቴ እርጥቡን ፎቶ ይዛ ወጣችና አሳየችኝ። በሰባቱም ላይ ቁጥሩ ደህና አድርጎ ይነበባል። ሦስት መቶ ሦስት ነበረች፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ያገኘናት። ባየሁት ጮኬ ይሁን በተመኘሁት እስከ ዛሬ ለራሴም አልመለስኩትም። እናቴ ግን ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ አልተቆጣችኝም።

እማማ ሃዋ ፎቷቸውን ሊወስዱ ሲመጡ እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። እናቴ ሰበብ ልትፈልግ ትችል ነበር፤ ፊልሙ ተቃጠለ፣ ካሜራው ተበላሸ ማለት ይቻላል፣ ማንም አያውቅባትም። እሷ ግን የሆነውን እንደሆነው ነገረቻቸውና ጥፋቱ የኔ ነው አለች፤ ስለ እኔ ጩኸት አላነሳችም። እማማ ሃዋ ይጮሃሉ ብዬ ጆሮዬን ይዤ ነበር። አልጮሁም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ አስተካክለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧቸው።

«እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ መዳም» አሉ። «ሁለተኛ ባሕር አትሻገርም።»

ወሬው በአንድ ሳምንት ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ። ቀጠሮ ይዘውልን ከነበሩት ሠርጎች ሁለቱ ቀሩ፤ አንዷ ሙሽራ የአክስቷ ልጅ በትንሽ ካሜራ እንደምታነሳት መልእክት ላከችብን። እናቴም ረጅሙን ሌንስ በሣጥኑ አድርጋ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው፣ ሀሰን ዓርብ ጠዋት ሁለት ጊዜ ሲነፋ እጇን በመስኮት አውጥታ ሂድ አለችው፣ ሙሴ ረኔ ሊያጽናኗት ሲመጡም ይህ ነገር ከእንግዲህ ከኔ አልፏል ብላ ሌላ ወሬ ጀመረች። እሳቸው ተቀምጠው ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ ሲያዞሩ ቆይተው ሄዱ።

ከዚያ ከግንቦት እስከ መስከረም የሚዘልቀው በጋ ገባ። የጅቡቲን በጋ ያየ ያውቀዋል፤ ኸምሲን የሚባለው ነፋስ ከበረሃው አቧራውን ይዞ ይመጣል፣ የበር እጀታ እጅ ያቃጥላል፣ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ እርጥብ ጨርቅ አንገቱ ላይ አድርጎ ደጃፍ ይቀመጣል፣ የሚችል ወደ ደጋ ይሸሻል። ትምህርት ተዘግቷል፣ ሠርግ የለም፣ ፎቶ ቤቱም ጭር ብሏል። እናቴ የድሮ ፎቶዎችን ታድስ ነበር፤ ስትሠራ ታንጎራጉር የነበረችው ሴትዮ ዝም ብላ ነበር የምትሠራው፣ ያ ዝምታ ከሙቀቱ የበለጠ ከበደኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ደጃፍ ላይ ወለሉን ውኃ ደፍቶበት እግሩን ዘርግቶ ሳለ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ቁጥሩን የጠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ በደንብ ሳላይ እንደጠራሁት፣ እናቴም ደብቃኝ እንደኖረች።

አባቴ የዘረጋውን እግሩን ሰበሰበ። በዓርቡ አደን ሲቀልድብን የኖረ ሰው ስለሆነ ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አሮጊቷ ባሕሩን ካልተሻገሩ» አለ፣ «እኛ እንሻገራለን እንጂ ምን ችግር አለው?»

በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ማዕከላዊ ገበያ ሄደ። እማማ ሃዋ በመጀመሪያው ቀን ሥራ በዝቶብኛል ብለው መለሱት፣ በሁለተኛው ቀን ወንበር ሰጥተው ብዙ ካስጠበቁት በኋላ አስበን እንነግርሃለን አሉት። ሦስተኛ ቀን ሲሄድ እኔን ይዞኝ ሄደ፣ እማማ ሃዋ ፊት አቁሞኝም ንገሪያቸው አለኝ። ነገርኳቸው። የሚለኩትን ጨርቅ ክንዳቸው ላይ እንዳደረጉ ቁልቁል አዩኝ። ከዚያ እንደ ልጅ አላናገሩኝም፤ «አስያ አሁን እርጉዝ ናት፣ ሙቀቱ ሲቀንስ እናቴ ጋ ልወስዳት አስቤያለሁ፣ እናትሽ አብራን ትምጣ» አሉኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ አባቴን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ተነስታም ካሜራዋን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈትታ መስታወቱን መወልወል ጀመረች።

መስከረም ካለፈ በኋላ ባሕሩ ረጋ ባለበት አንድ ጠዋት ተሻገርን። ሀሰን እስከ ጀልባው አደረሰን፣ ሙሴ ረኔም ለአያትየዋ ብለው አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ብስኩት በሱ እጅ ልከው ነበር። ጀልባዋ ውስጥ ከጎማና ከሩዝ ከረጢት መካከል ተቀመጥን፤ አስያ በእማማ ሃዋ ትከሻ ላይ ተኛች፣ አባቴ ጀልባ ተሳፍሮ ስለማያውቅ ሁለት እጁን ከእንጨቱ ሳያላቅቅ ደረሰ፣ እናቴ ካሜራዋን ውኃ እንዳይረጨው ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ ይዛ ነበር። ታጁራ ከሩቅ ስትታይ ነጫጭ ቤቶቿ ከተራራው ሥር የተሰጡ ልብሶች ይመስሉ ነበር።

እማማ ፋጡማ በጥላው ሥር በሰሌን ላይ ተቀምጠው ነበር የጠበቁን። እናቴ ዝቅ ብላ እጃቸውን ሳመችና በአማርኛ ይቅርታ ጠየቀቻቸው፤ እማማ ሃዋ በአፋርኛ አስተረጎሙላት። አሮጊቷ እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አይተው በመጀመሪያ የጠየቁት፣ ያቺን የበለጠችኝን ነገር ይዘሻታል ወይ ብለው ነበር። እንደ አጋጣሚ አልበሙ ቦርሳው ውስጥ ነበር። እናቴ አፍራ አወጣችው። አሮጊቷ የሄሊኮፕተሯን ፎቶ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ ገልብጠው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ የሆነ ነገር ተናገሩ፣ እማማ ሃዋ ግን ሊተረጉሙት አልቻሉም፣ ከሠርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቁ ነበርና። ሳቃቸው ሲበርድ ነገሩን።

«ያን ቀን እኔም ወደ ላይ ነበር የማየው፤ ብታነሺኝ ኖሮ የሚወጣው አገጬ ብቻ ነበር ነው የምትለው።»

አስያም ሳቀች፣ አባቴም ሳቀ፣ እናቴ ግን አልቻለችም፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ዞር አለች። ከዚያም ሥራዋን ሠራች። አስያ አያቷ እግር ሥር ተቀመጠች፣ አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ጫኑባት፤ ይህኛው ምርቃት ረጅም ነበር፣ ሆዷ ውስጥ ያለውንም ጨምረው ነው የመረቁት። አባቴ ዞር በልልን ስለተባለ ከባሕሩ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ጠበቀ። እናቴ ፊልሙን ሙሉ እዚያው ጨረሰችው፣ የመጨረሻዎቹን ፎቶዎች ግን ያዘዙት አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው፤ የሄሊኮፕተሯን ፎቶ ደረታቸው ላይ ይዘው፣ አሁን ሁለታችንንም አንድ ላይ አንሺን አሉ። ፎቶውንም አልመለሱላትም።

የሁለቱ ፎቶ ሲታተም እማማ ሃዋ በሱቃቸው መሳቢያ አስቀመጡት፣ ለገባች ሴት ሁሉ ያሳያሉ፣ ታሪኩንም እየጨመሩበት ይተርኩ ነበር። የብርዱ ወራት ሲመለስ ሠርጎቹም ተመለሱ፤ እንዲያውም በዙ። ሴቶቹ ገና ከበር ሲቀበሏት ዛሬ ሰማዩ ባዶ ነው መዳም፣ አይዞሽ ይሏት ነበር። ሌንሱ ከቁም ሣጥኑ አናት ወረደ፣ ሀሰንም ዓርብ ዓርብ እንደልቡ መንፋት ጀመረ። የጠፋችው ቁጥር ግን አልመጣችም።

የመጣችው የካቲት ላይ ነው፣ ያውም ሠርግ ላይ። ካርቲየ 3 ውስጥ፣ ከቤታችን ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ሙሽራዋ የሱቅ ጎረቤታችን ልጅ ነበረች። ጭፈራው ደርቶ ሳለ ፉጨቱ ሲሰማ በግቢው ያለችው ሴት ሁሉ ነገሩን ስለምታውቅ ከበሮውን አቁመው ሳቁ፣ ሙሽራዋ ሳትቀር መዳም፣ መዳም፣ መጣችልሽ እያሉ ወደ ላይ ጠቆሙ። እኔም ቀና አልኩ። ከጣሪያው በላይ ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው፣ ፀሐዩም ከኋላዬ ነበር። ሦስት። ዜሮ። ሁለት። ደግሜ አነበብኩት፤ ሁለት ነው። አፌን ከፈትኩ፣ ወደ እናቴም ዞርኩ። ካሜራዋን ወደ ሰማይ አላነሳችም። ጀርባዋን ለአሉዌቷ ሰጥታ፣ ያን ሁሉ ቀና ያለ የሴት ፊት፣ ጥርሱን፣ የተዘረጋውን የሂና እጅ፣ ፀጉሯን ነፋስ የበተነባትን ሙሽራ እያነሳች ነበር። አፌን ዘጋሁ። ድምፁ እስኪርቅ፣ ፊልሙም እስኪያልቅ ድረስ ዘጋሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ነገርኳት። ቆመች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

እናቴ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ መንገዱ መካከል ሳቀች፣ አንገቴን አቅፋም እስከ ደጃፋችን ድረስ አልለቀቀችኝም። ሙሴ ረኔ በማግስቱ ሲሰሙ መጀመሪያ ራሳቸውን ያዙ፤ ያለ ፎቶ አይጻፍም፣ ሕግ ሕግ ነው አሉ። ቆይተው ግን ደብተሩን አወጡ፣ በባዶዋ መስመር ላይ በእርሳስ፣ በጣም ትንሽ አድርገው፣ ከነስሜ «ሮማን አይታታለች» ብለው በፈረንሳይኛ ጻፉ። እንደ ልማዳቸው በቀለም አልደገሙትም። እናቴ በዚያ ሠርግ ያነሳቻቸውን ሴቶች ፎቶ ግን ሙሴ ረኔም ሀሰንም አባቴም አይተውት አያውቁም፤ እናቴ በሕይወቷ ካነሳችው ሁሉ የሚበልጠው እሱ እንደሆነ የምናውቀው እኛ ሴቶቹ ብቻ ነን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙሴ ረኔ አገራቸው እህታቸው ዘንድ ሄዱ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ዓመትም ካርድ ይልኩ ነበር። ሀሰን ዛሬም ታክሲ ይነዳል፣ ጥሩምባው ግን ልጁ ያስገባለት የሙዚቃ ጥሩምባ ነው። ጨለማ ክፍሉ መታጠቢያ ቤት ብቻ ሆኖ ከቀረ ቆየ፤ ሰው ሁሉ ካሜራ ኪሱ ውስጥ ስለያዘ እናቴ ፎቶ ቤቱን ዘግታ ከአባቴ ጋር እኔ ዘንድ ገባች። በሴቶቹ ሠርግ ላይ ዛሬ በር ላይ የምትቆመው ሴት ሥራዋ ማንም ፎቶ እንዳያነሳ ስልክ መሰብሰብ ነው።

ልጅ ሳለሁ እናቴ አንዲት ሄሊኮፕተር የምታሳድድ ይመስለኝ ነበር። አሁን እኔም ወደዚያን ጊዜው ዕድሜዋ እየተጠጋሁ፣ ወደቡ አጠገብ ባለ ቢሮ ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ ወረቀት ስሞላ ውዬ ስገባ፣ ነገሩ ሌላ ሆኖ ይታየኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ፊቱን ይዞላት ይመጣ ነበር፤ አንዷ ቀይ አድርጊኝ፣ ሌላዋ ቀጭን አድርጊኝ፣ ሌላው አገጬን ደብቂልኝ ይላታል፣ እሷም የሁሉንም ታደርግ ነበር። ዓርብ ጠዋት ግን ማንም ምንም አይጠይቃትም፤ ባሕሩ ዳር ቆማ የምትጠብቀውን የመረጠችው እሷ ራሷ ነበረች። እኔ ስልኬ ውስጥ እናቴ በዕድሜዋ ካነሳችው የሚበልጥ ፎቶ አለኝ፤ ልጄ ስትስቅ፣ ልጄ ስትተኛ፣ ምሳችን፣ የቢሮው መስኮት። በእረፍት ሰዓቴ አንዳንዴ ወደ ኋላ እየመለስኩ አያቸዋለሁ። ጥሩ ጥሩ ፎቶዎች ናቸው፤ ቆሜ የጠበቅኩት ግን አንድም የለባቸውም።